አረቄ ለሚያቆም ሰው የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት

«ወንድማችን መጠጥ አልተው ብሎናል፤ የት እናሳክመው?» ይህን ጥያቄ ከጎንደርም፣ ከዳባትም፣ ከደባርቅም ያሉ ወዳጆቼ ብዙ ጊዜ ያነሡልኛል። በልባቸው የያዙት ሥዕል ተመሳሳይ ነው፦ አዲስ አበባ ያለ፣ በግንብ የታጠረ፣ ወራት የሚያስተኛ፣ ብዙ ብር የሚያስወጣ ማገገሚያ። ለእሱ ገንዘብ ከሌለ ሕክምና የለም ብለው ተስፋ ይቆርጣሉ። እኔ ደግሞ ይህን ሐሳብ ልለውጥላችሁ ነው የምጽፈው። ከሱስ ሕክምና ውስጥ ነፍስ የሚያድነው ክፍል አጭር ነው፤ የሚፈልገውም አልጋ፣ የሚከታተል ነርስና ሁለት ርካሽ መድኃኒት ነው።

በማለዳ አረቄ ቤት ጎራ ያለ ሰው የሚያየው ነገር አለ። አንዱ ደንበኛ መለኪያዋን በአንድ እጁ ማንሣት ያቅተዋል። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ በሁለት እጁ ይይዛታል፣ ወይም አንገቱን ዝቅ አድርጎ ከጠረጴዛው ላይ እንዳለች ይስባታል። ሁለተኛዋን ሲደግም እጁ ይረጋል፣ ላቡ ይደርቃል፣ ጨዋታውም ይመለሳል። አጠገቡ ያለው ሰው «ካልቀመሰ አይሆንለትም» ብሎ ያልፈዋል። ሐኪም ግን እዚያች መንቀጥቀጥ ላይ ያተኩራል፤ የዚህ ሰው አንጎል አልኮሉ በጎደለበት ቁጥር መታመም ጀምሯልና።

ምክንያቱ ይህ ነው። አልኮል አንጎልን ያቀዘቅዛል፤ ጋባ የተባለውን አረጋጊ ንጥረ ነገር ሥራ ያበረታል፣ ግሉታሜት የተባለውን አነቃቂ ደግሞ ያፍናል። ሰውየው በየቀኑ ለዓመታት ሲጠጣ አንጎሉ ዝም ብሎ አይቀዘቅዝም፤ ሚዛኑን ለመጠበቅ በራሱ በኩል ማነቃቂያውን ይጨምራል። የሊማሊሞን ቁልቁለት የሚወርድ አይሱዙ አስቡ፤ ሾፌሩ በአንድ እግሩ ፍሬን ይዞ በሌላው ነዳጅ እየረገጠ ነው። ፍሬኑ ድንገት ቢለቀቅ ምን እንደሚሆን መንገዱን የሚያውቅ ሰው ያውቃል። አረቄ ፍሬኑ ነው።

ስለዚህ መጠጡ በቆመ በስድስት ሰዓት ገደማ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ይጀምራል። በሁለት ቀን ውስጥ የሚጥል በሽታን የሚመስል መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የከፋው ሊከተል ይችላል፤ ሐኪሞች ዲሊሪየም ትሬመንስ ይሉታል። ሰውየው ያለበት ቦታና ቀኑ ይጠፋበታል፣ ግድግዳው ላይ ነፍሳት ሲርመሰመሱ ያያል፣ ከሌለ ሰው ጋር ይነጋገራል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ ልቡ በኃይል ይመታል። ቀደም ባለው ዘመን እዚህ ከደረሱት ውስጥ ከመቶው እስከ 35 የሚሆኑት ይሞቱ ነበር፤ በወጉ ሲታከሙ ግን የሚሞቱት ከመቶ ከ5 በታች ናቸው። ጠጪ ሁሉ እዚህ አይደርስም። የሚያሰጋው ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የጠጣው፣ ጠዋት ካልቀመሰ የሚንቀጠቀጠው፣ ከዚህ በፊት ሊያቆም ሲሞክር አንፈራግጦት የሚያውቀው ነው። የመጠጡ ዓይነትም ልዩነት ያመጣል። ጠላ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 በመቶ አልኮል ሲኖረው አረቄ ከ30 በመቶ በላይ ነው፤ ዳግም አረቄ ከዚያም ይብሳል።

አሁን ይህን ወደ ደጋው መንደር ውሰዱት። አንድ አባወራ ለንስሐ አባቱ ቃል ይገባል፣ ወይም ይገዘታል፣ በማግሥቱም መጠጡን እርግፍ አድርጎ ይተዋል። በሦስተኛው ቀን ሌሊት የማይታይ ነገር እያየ ይጮኻል። ቤተሰቡ «ያዘው፣ መንፈስ ነው» ይላል። እጁን አሥረው፣ ምግብ ሳይቀምስ፣ በብርድ ወደ ጠበል ይወስዱታል። እነዚህ ሰዎች የሚያደርጉት ሁሉ ከፍቅር ነው። ነገር ግን ሕመሙ መድኃኒት ያለው የአንጎል ሕመም ነው፤ ረኃብና የሰውነት ውኃ ማለቅ ደግሞ ያባብሱታል።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? አንዱ ዲያዜፓም ነው። ፍሬኑን በአንድ ጊዜ ከመልቀቅ ይልቅ በጥቂት ቀናት ውስጥ መጠኑን እየቀነሱ ቀስ አድርጎ ለመልቀቅ ያገለግላል። ሁለተኛው ታያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1 ነው። ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው ይህ ቫይታሚን ያልቅበታል፤ ሳይሰጠው ከቀረ የማስታወስ ችሎታው ለዘለቄታው ሊጠፋ ይችላል። ለዚህም ነው ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ታያሚን የሚቀድመው። አደራችሁን፣ ዲያዜፓምን ራሳችሁ ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጡ፤ ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ጠበልን ተዉ እያልኩ አይደለም፤ እንዲህ ብሎ መጻፍ ጎንደርን አለማወቅ ነው። ይልቅ አንድ ነገር አስታውሱ። ኤች አይ ቪ ያለባቸው ምእመናን መድኃኒቱን ጥለው ጠበል ብቻ ይዘው በነበረበት ጊዜ፣ በ1999 ዓ.ም. የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናገሩ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የጠበል ቦታም የአእምሮ ሐኪሞችና ካህናት ሕሙማንን አብረው ሲያገለግሉ ቆይተው፣ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔት ወጥቷል። ለመጠጥም መንገዱ ይኸው ነው፦ መጀመሪያ ሆስፒታል ለአራት አምስት ቀን፣ ከዚያ ጠበሉ፣ ንስሐ አባቱና ቃል ኪዳኑ። እንዲያውም ካህኑ ከመገዘታቸው በፊት «ጠዋት ጠዋት እጅህ ይንቀጠቀጣል ወይ?» ብለው ቢጠይቁ ብዙ ሰው ይተርፋል።

ታዲያ በሩ የት ነው? የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ዩኒቨርሲቲው ከአዲስ አበባው አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ጋር ሆኖ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን በሁለተኛ ዲግሪ አሠልጥኗል። ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀኝ ግን አመሠራረቱ ነው። ደንቢያን ወባ ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተቋቋመው፣ ሐኪም በሌለበት ገጠር የሚሠሩ ጤና መኮንኖችን ለማፍራት ነበር። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የሚያበረታታው የአእምሮ ጤና መርሐ ግብር ያንኑ ሐሳብ ይዟል፤ ተራ የጤና ጣቢያ ነርስና ጤና መኮንን ሠልጥነው ከባድ የአእምሮ ሕመምን (ሳይኮሲስን)፣ ድብርትን፣ የሚጥል በሽታንና የመጠጥ ችግርን እንዲያክሙ ነው። ኢትዮጵያም እነዚህን አራቱን አስቀድማ ይዛለች።

ርቀቱን ቀላል አድርጌ ላሳያችሁ አልፈልግም። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከበየዳና ከጃናሞራ ለሚመጣ ሰው ደባርቅ መድረሱ ራሱ ከባድ ጉዞ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት መንገድ የሚዘጋባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ስለዚህ በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው ሰው ከዚያ ሪፈር ካልያዘ በላይኛው ሆስፒታል ከኪሱ ይከፍላል፤ ወረቀቷ ዋጋ አላት።

ከርቀቱ የሚብሰው ኀፍረት ይመስለኛል። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ የመጠጥ ችግር ካለባቸው ሰዎች 87 በመቶዎቹ እርዳታ ፈልገው እንደማያውቁ አሳይቷል። ሶዶ ጎንደር አይደለም፤ ነገር ግን «ሰካራም» የሚለው ስድብ የሚያሸማቅቀው በሁለቱም አገር እኩል ነው። ካርድ ክፍል ቆሞ «ለመጠጥ ነው የመጣሁት» ማለት ከመንገዱ ይከብዳል።

አራቱ ቀናት ካለፉ በኋላ ረጅሙ ሥራ ይጀምራል፤ ተመላላሽ ክትትል፣ ምክር፣ አብሮ ያለ ድብርት ካለ እሱን ማከም። ጫት የሚቅም ከሆነም ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው አረቄን የለመደው ምርቃናውን ለማብረድ በጨብሲ ነውና። ከሕክምናው በላይ ግን የሚፈትነው ማኅበሩ ነው። የጽዋ ማኅበር ሲደርስ፣ ተዝካር ሲወጣ፣ ሠርግ ሲደገስ «አንዷን ብቻ፣ በሞቴ!» የሚለው ልመና ስንቱን መልሷል። የማኅበር ሙሴ የሆናችሁ ወዳጆቼ፣ ለእንዲህ ያለው አባል ብርዝ ለብቻ አስቀምጡለት፤ ለምን እንዳልጠጣም ሰው አይጠይቀው።

ቤታችሁ ውስጥ ጠዋት ካልጠጣ የሚንቀጠቀጥ ሰው ካለ፣ ብቻውን በድንገት እንዲያቆም አታስገድዱት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ለነርሷ ሦስት ነገር ሳትደብቁ ንገሯት፦ በቀን ስንት መለኪያ እንደሚጠጣ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣው በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ሲያቆም አንፈራግጦት ያውቅ እንደሆነ። አልጋ ይይዝ ወይስ ከቤት እየተመላለሰ ይታከም የሚለው የሚወሰነው በእነዚህ መልሶች ነው።