ብርቱካን ሁኑ፣ ባቡር ሁኑ፦ ጅምናስቲክ ለድሬ ሕፃናት

«እጅህን መሬት አስነካ፣ አገጭህን ደረትህ ላይ ለጥፍ፣ ጀርባህን አጉብጥ፣ ተንከባለል!» ይኼን ለአምስት ዓመት ልጅ በሉትና ፊቱን እዩት። አራት ትእዛዝ በአንድ ትንፋሽ! «ብርቱካን ሁን፤ ሎሚዋን በአገጭህና በደረትህ መሀል ያዛት፣ እንዳትወድቅ» ስትሉት ግን ሳያስበው ተጠቅልሎ ይንከባለላል። ሎሚዋ ካልወደቀች አገጩ ገብቷል ማለት ነው፤ ክብደቱ አንገቱ ላይ ሳይሆን ትከሻው ላይ ያርፋል።

ትንንሽ ልጆችን ጅምናስቲክ በምናብ ጨዋታ ማስተማር የሚባለው ይኼ ነው። ብዙ ወላጅ «ጨዋታውን ትታችሁ ስፖርቱን አስተምሩልን» ይላል። እኔ ግን በዚህ ዕድሜ ስፖርቱ ራሱ ጨዋታው ነው ባይ ነኝ።

ኢኮኖሚክስ ማጥናት አንድ አመል ጥሎብኛል፤ ያየሁትን ሁሉ ማካፈል። አንድ ፍራሽ፣ 30 ልጅ፣ 40 ደቂቃ እንበል። 2,400 ሰከንድ ለ30 ሲካፈል ለአንድ ልጅ 80 ሰከንድ ይደርሰዋል። ቀሪውን 38 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ተሰልፎ ከፊቱ ያለውን ልጅ ሲቆነጥጥ ያሳልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለባቸው ይላል። በሰልፍ የት ይደረሳል?

አሁን ግቢውን በሙሉ የጅቡቲ መስመር አድርጉት። ድሬ ራሷ በ1902 እ.ኤ.አ. ከደረሰው ባቡር ጋር የተወለደች ከተማ ናት፤ ልጆቿ ተረቱን ለማመን ጊዜ አይፈጅባቸውም። በጠመኔ የተሰመረው መስመር ሐዲድ ነው፤ ከሐዲድ ሳይወጡ መራመድ ሚዛን መጠበቅ ማለት ነው። ሆድን ወደ ሰማይ አድርጎ በእጅና በእግር መቆም የደቻቱ ድልድይ ነው። መንገድ ላይ ግመል ይንበረከካል፤ የፊት እግሩን አስቀድሞ፣ ቀስ ብሎ። «ፊናንስ መጣ!» ሲባል ደግሞ ሁሉም በአንድ እግር ቀጥ! (አቦ፣ ታይዋን ገበያን የሚያውቅ ልጅ ይኼን ማስረዳት አያስፈልገውም።) ሠላሳውም ልጅ በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል።

ነገሩ ከቀልድ ያለፈ መሠረት አለው። ጋብሪየል ዉልፍ የተባለች የእንቅስቃሴ ትምህርት ተመራማሪ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደጋግማ ያሳየችው፣ ሰው ትኩረቱን በገዛ አካሉ ላይ ከሚያደርግ እንቅስቃሴው በሚያመጣው ውጤት ላይ ቢያደርግ የተሻለ እንደሚማር ነው። «ጉልበትህን እጠፍ» ሳይሆን «ሎሚዋን አትጣላት» ማለት ነው።

እኛ አገር ልጆችን መገልበጥ ያስተማረው በአብዛኛው ሰርከስ ነው። ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በመቀሌና በሌሎች ከተሞች የተነሡ ቡድኖች ታሪክና መልእክት ያለው ትርኢት ነበር የሚሠሩት፤ ስለ ኤችአይቪ ሳይቀር በአክሮባት ተናግረዋል። ከጅማ የተነሡት ወንድማማቾች ቢቢና ቢቹ ሰርከስ አቢሲኒያን ይዘው በ2009 ዓ.ም. ኤደንብራ ድረስ ሄደዋል።

አሁን ግን ስልኬን ስከፍት የማየው ሌላ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ እግሯ ተለጥጦ፣ ትልቅ ሰው ትከሻዋን ወደታች እየተጫነ፣ እሷ እያለቀሰች፣ ከሥሩ የሳቅ ኢሞጂ። እንዴ! ላይክ ለማግኘት የልጅ ጅማት ይጎተታል? ያቺ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳ የምትመጣ ይመስላችኋል? ልጅን ወደታች መጫን የለም። ቢራቢሮ ሆና ክንፏን እያራገበች እስከምትችለው ብቻ ትሂድ።

ድሬ ላይ ለምትሞክሩት ሁለት ነገር። አንደኛ ቋንቋ፦ እዚህ አንድ ክፍል ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ አለ። ለሶማሊኛ ተናጋሪ ልጅ «ባቡር» መኪና ነው! ስለዚህ ግማሹ በሐዲድ ሲሄድ ግማሹ መሪ ይጠመዝዛል። ከመናገር በፊት አሳዩዋቸው። ሁለተኛ ሙቀቱ፦ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ጨርሱ፣ ወይም ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ጀምሩ፤ ሲሚንቶው እጅ ያቃጥላል። ለመንከባለል የግድ ፍራሽ ይነጠፍ፣ አሮጌም ይሁን። «ቁም» የሚል አንድ ምልክት ቀድማችሁ አስለምዱ፤ ተረቱ ሲሞቅ ልጆቹ ይጋጫሉና። በጭንቅላት መቆምን ለትልልቆቹ ተዉት።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጠመኔ፣ ፍራሽና ሎሚ ነው። የሚቀጥለውን ተረት ልጆቹ ራሳቸው ይምረጡ፤ ጅብ እንደሚሉ ከወዲሁ ልንገራችሁ።