የነፃ ሶፍትዌር ወዳጆች በኩባንያ መድረክ ላይ የሚሰበሰቡበት ምክንያት

ነፃ ሶፍትዌርን የሚያራምዱ ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚገናኙትና ሥራቸውን የሚያስቀምጡት ብዙ ጊዜ አሠራሩ ለሕዝብ ባልተገለጸ የኩባንያ መድረክ ላይ ነው። ይህንን አይተው «የሚሰብኩትን አይሠሩም» የሚሏቸው አሉ። እኛ ግን ጉዳዩ ከነቀፋ ይልቅ ምርመራ የሚያስፈልገው መስሎ ስለታየን፣ ምክንያቱን በአጭሩ ለመግለጽ እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ «ነፃ» ስንል ዋጋ የማይከፈልበት ማለታችን አይደለም። ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 ግኑ የተባለውን ሥራ ካስታወቀ ወዲህ የተስፋፋው ይህ አሳብ ለተጠቃሚው አራት መብቶችን ይጠይቃል፤ እነርሱም ፕሮግራሙን ለፈለገው ተግባር ማዋል፣ አሠራሩን መርምሮ መለወጥ፣ ቅጂውን ለሌላ መስጠትና ያሻሻለውን ማሠራጨት ናቸው።

በእነዚህ መብቶች አንድ ሰው ብቻውን ሊጠቀም ይችላል። በገዛ ኮምፒዩተሩ ላይ ሊኑክስን ለመጫን የጎረቤቱን ፈቃድ አይጠይቅም። የመገናኛ መድረክ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ስልክ ያለው አንድ ሰው ብቻ ቢሆን ስልኩ እንደማይጠቅመው ሁሉ፣ የመድረክም ጥቅም የሚመጣው በዚያ ካሉት ሌሎች ሰዎች ነው።

ለዚህ የጊት ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። የሊኑክስ ሠሪዎች ቢትኪፐር በተባለ የኩባንያ መሣሪያ ሲሠሩ ቆይተው፣ ያለ ክፍያ የመጠቀሙ ፈቃድ በ2005 ስለተነሣባቸው ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን ሠራ። ጊት ነፃ ነው፤ እያንዳንዱም ሠራተኛ የኮዱን ሙሉ ታሪክ በእጁ ይይዛል። ይሁን እንጂ በ2008 በዚሁ በጊት ላይ ጊትሀብ ተከፈተ፤ የመድረኩ የራሱ ኮድ ነፃ አልነበረም፣ ዛሬም አይደለም። ሆኖም ሰው ሁሉ ወደዚያ ሄደ። ፓይተን እንኳ በ2017 ኮዱን ከራሱ ሰርቨር ወደ ጊትሀብ አዛወረ። ማይክሮሶፍት በ2018 ጊትሀብን በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛ፣ ጊትን ማንም ሰው ያለ ዋጋ የሚያገኘው ስለሆነ፣ ያን ያህል ገንዘብ የከፈለው በአብዛኛው ለተሰበሰበው ሰው ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

አደጋው በ2019 ታየ። ጊትሀብ የአሜሪካንን ማዕቀብ ለማክበር ሲል በኢራን፣ በሶርያና በክሪሚያ ለሚኖሩ ተጠቃሚዎች የሚሰጠውን አገልግሎት ገደበ። ለኢራን ሙሉ አገልግሎቱ የተመለሰው በ2021 ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ቅጂ የያዘ ሰው ኮዱን አያጣም፤ የስሕተት መዝገቡ፣ ውይይቱና የሥራ ጓደኞቹ ግን ከመድረኩ ጋር ይቀራሉ።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች በመድረኩ የሚቆዩት እምነታቸው ስለላላ ብቻ ሳይሆን፣ ብቻውን የሚወጣ ሰው ባዶ ቤት ስለሚገባ ነው። በኅብረት ሲሆን ግን ነገሩ ይቻላል። ዴቢያንና ግኖም በ2018 ሥራቸውን ራሳቸው በሚያስተዳድሩት የጊትላብ ሰርቨር ላይ አድርገዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለውም ለዚህ ነው።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት እኛንም የሚመለከት ነው። በጋራ የምንጀምረውን ሥራ የት እንደምናስቀምጥ መወሰን የሚገባን ገና ጥቂት ሳለን ነው። ከበዛን በኋላ ግን ለመዛወር የሁሉም ስምምነት ያስፈልገናል።