ድባቴን ለይቶ ማወቅ፣ ወጣቱን መደገፍ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲባል በብዙዎቻችን ኅሊና የሚሣለው ጤናማና ተስፋ የሞላው ወጣት ነው። ይሁን እንጂ በዚሁ የወጣትነት ዕድሜ ብዙ ጊዜ የሚጀምር፣ ትምህርትን አልፎም ሕይወትን የሚያሳጣ ሕመም አለ፤ እርሱም ድባቴ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሕመሙን ምንነትና ወላጆች፣ መምህራንና ጓደኞች ሊያደርጉ የሚችሉትን እንመለከታለን።

ድባቴ ምንድን ነው?

በዕለት ተዕለት ንግግራችን «ደበረኝ» የምንለው ስሜት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ያልፋል። ድባቴ ግን ቢያንስ ለ2 ሳምንታት፣ በየዕለቱ ለማለት በሚቻል ሁኔታ የሚቆይ ኀዘን ወይም ቀድሞ ደስ ያሰኝ በነበረው ነገር ደስታ ማጣት ነው። የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ድካም፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን መውቀስ፣ ሲከፋም ሞትን መመኘት አብረውት ይታያሉ። የጤና ባለሙያዎች ምልክቶቹን የሚለዩበት 9 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ተፈትሾ በአገራችን ይሠራበታል። በመሆኑም ከክፍል የቀረውን ተማሪ «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት ጤንነቱን መጠየቅ ይገባናል።

ከቤት የራቀ ተማሪ

በጭሮ የሚገኘው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ የነበረ ሲሆን፣ ከልዩ ልዩ የአገራችን ክፍሎች የተመደቡ ወጣቶችን ይቀበላል። ተማሪው በቤቱ ሳለ ፊቱ ሲጠቁር እናት ታያለች፤ ቡና የሚጠጣ ጎረቤት ይጠይቃል፤ የንስሓ አባት ይመክራል። በዶርም ግን አልጋው ላይ ቀኑን ሙሉ ቢተኛ እንኳ «ደክሞት ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። የቋንቋ አዲስነት፣ የፈተና ፍርሃትና የገንዘብ እጥረት ሲጨመሩበት ሸክሙ ይከብዳል።

ጭሮ፣ ገለምሶ፣ በዴሳና ሂርና በጫት ምርታቸው የታወቁ ናቸው። ጫት ለብዙ ገበሬ የቤተሰብ መተዳደሪያ መሆኑን እናውቃለን። ሆኖም በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ለጥቂት ሰዓታት ካነቃ በኋላ እንቅልፍ ይነሣል፤ ምርቃናውም ሲበርድ መንፈስ ይወድቃል። ይህን ለማብረድ ወደ መጠጥ፣ ማለትም ወደ ጨብሲ፣ የሚሄድ አለ። ለጥናት ተብሎ የተጀመረው ልማድ እንዲህ አድርጎ ድባቴን ያባብሳል።

የሰው ድጋፍና መልካም ልማድ

ተመራማሪዎች የአንድን ሰው ማኅበራዊ ድጋፍ የሚመዝኑት በ3 ቀላል ጥያቄዎች ነው፦ በችግር ጊዜ የምትተማመንባቸው ሰዎች ስንት ናቸው? ሰዎች ምን ያህል ያስቡልሃል? ከጎረቤት እርዳታ ማግኘትስ ምን ያህል ይቀልልሃል? የእነዚህ መልስ ከዕድርና ከማኅበር ባህላችን የራቀ አይደለም። በዚምባብዌ የሠለጠኑ አያቶች በጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቁትን በማድመጥ ብዙዎችን ረድተዋል። እኛም የግቢ ጉባኤያትን፣ የተማሪ ክበባትንና የዶርም ጓደኝነትን ለዚሁ ልናውላቸው እንችላለን።

ከዚህም ጋር የሚከተሉት ልማዶች ይጠቅማሉ፦

• በቀን ከ7 እስከ 9 ሰዓት በመደበኛ ጊዜ መተኛት፤
• በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ ይኸውም በ5 ቀናት 30 ደቂቃ፣ ፈጠን ብሎ መራመድ ወይም ስፖርት መሥራት፤
• ምግብን በሰዓቱና ከሰው ጋር መመገብ፤
• ከጫትና ከአልኮል መራቅ፤
• በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ቤት መደወል።

ሕክምና ሲያስፈልግ

መልካም ልማድ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ አለ። ድባቴ በምክርና በመድኃኒት ይታከማል፤ መድኃኒቱ ግን ለውጥ እስኪያሳይ ሳምንታት ስለሚወስድ ማቋረጥ አይገባም። ጸበል የሚጠመቅ ሕመምተኛም መድኃኒቱን ሊተው አይገባውም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር ሊወሰድ እንደሚችል ማስተማራቸው ለዚህም መልካም አብነት ነው።

ጓደኛችን «መኖር ሰልችቶኛል» ቢለን በግልጽ እንጠይቀው፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም። ብቻውን አንተወው፤ ወደ ዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ፣ ወይም ወደ ጭሮ ወይም ወደ ገለምሶ ሆስፒታል አብረነው እንሂድ። ወላጆችም በስልክ «ውጤትህ ስንት ነው?» ከማለታቸው አስቀድመው «እንቅልፍህ እንዴት ነው? ከማን ጋር ትውላለህ?» ብለው እንዲጠይቁ አደራ እንላለን።