ቅጠሉ ሳይጠወልግ የሚጎዳው ስንዴ

በጎንደር ደጋ፣ በዳባትና በደባርቅ ገበሬ ዘንድ የሰብል ጠላት ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ውርጭ፣ በረዶና ዋግ ነው። ሙቀት እምብዛም አይጠቀስም። ወደ ጣና ዝቅ ብሎ በደንቢያ ሜዳ ስንዴ በመስኖ ለሚያለማው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ቦዩ ሳይጠረግ ወይም ዘሩ ሳይደርስ ቀርቶ በኅዳር መዘራት የነበረበት ስንዴ ወደ ታኅሣሥ መጨረሻ ሲገፋ፣ ማበቢያውና ፍሬ መሙያው ከመጋቢት ሐሩር ጋር ይገጥማል። በዚያ ወቅት ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ስንዴ ይጎዳል።

ጉዳቱ ወዲያው ለዓይን አይታይም። ዓይን የማያየው ትንሹ የቅጠል ክፍል፣ ሕዋስ የሚባለው፣ ውሃና ጨው እንደያዘ ስልቻ ነው። ሙቀት ሲበዛበት ቆዳው ይላላና ያፈስሳል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሱሊቫን እ.ኤ.አ. በ1972 በማሽላ ላይ ያሳወቀው መለኪያ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ከቅጠሉ ትንንሽ ቁራጮች ተወስደው በተጣራ ውሃ ከታጠቡ በኋላ በብልቃጥ ውስጥ እንዲሞቁ ይደረጋል። ከዚያም ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፈው ይቆዩና፣ ያፈሰሱት ጨው ውሃው ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ስለሚያደርገው መጠኑ በመሣሪያ ይነበባል። ቀጥሎ ቁራጮቹ ተቀቅለው የቀረው ጨው ሁሉ ሲወጣ ዳግመኛ ይነበባል። ለምሳሌ የፊተኛው 30፣ የኋለኛው 100 ቢሆን ከጨዉ 30 በመቶው አስቀድሞ ፈስሷል ማለት ነው። ያልሞቀ ቁራጭም ለማመሳከሪያ አብሮ ይለካል። ከሁለት ዘሮች ጥቂት ያፈሰሰው ሙቀትን የተሻለ ይችላል።

ቅጠል ሳይቆረጥ የሚለካበትም መንገድ አለ። ቅጠሉ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ከብርሃን ተሸፍኖ ብልጭታ ይበራበታል። ጤነኛ ቅጠል 0.83 ገደማ ያሳያል፤ የተጎዳው ከዚያ ይወርዳል።

ይህ ሁሉ ለማኅበር መሪ የቤተ ሙከራ ሥራ ብቻ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ማሳ ነጣ ባለ ቁጥር «ዋግ ነው» ተብሎ መድኃኒት ቢገዛ ወጪው የአባላቱ ነው። ቅጠሉ በጣት ሲታሽ ቢጫ ወይም ቡናማ ዱቄት ከቀረ ዋግ ነው። ሙቀት ዱቄት የለውም፤ የዋግ መድኃኒትም አይመልሰውም። የሚጠቅመው ቦዩን በጥቅምት ጠርጎ በኅዳር መዝራትና ማሳው ሲያብብ ውሃ እንዳያጣ ተራውን መጠበቅ ነው።

ለባለሙያ ናሙና ሲወሰድ ከዛላው ሥር ያለው የመጨረሻው ቅጠል፣ ከደህናውም ከተጎዳውም ማሳ፣ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በዚያው ቀን መድረስ አለበት። የተዘራበት ቀን አብሮ ይጻፍ። ቅጠሉ ደህና ተብሎ ዛላው ባዶ ከሆነም ዝም አይባልም፤ ሙቀት የአበባውን ዱቄት ብቻ መትቶ ሊሆን ስለሚችል ዛላውም አብሮ ይላክ።