የሚቆራረጠው ድምፅ፦ እንከኑ ከቤታችን ይሆን?

የዕረፍት ቀን ሲደርስ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር ሠራተኛ ስልኩን አንሥቶ ወደ አገር ቤት ይደውላል። እናቱ ስለ ጤንነታቸው መናገር ሲጀምሩ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ «ሄሎ፣ ይሰማል?» ይባባላሉ። ብዙዎች ጥፋቱን በአገር ቤቱ ኔትወርክ ላይ ይጥላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ከፍ ያለ ፍጥነት ለማግኘት ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍላሉ። እንከኑ ግን ብዙ ጊዜ ከቤታቸው ራውተር ዘንድ ይገኛል።

የድምፅ ጥሪ ብዙ ፍጥነት አይሻም፤ በሰከንድ 100 ኪሎ ቢት ያህል ይበቃዋል። የሚሻው መዘግየት አለመኖሩን ነው። ንግግራችን አብዛኛውን ጊዜ በየ20 ሚሊሰከንዱ ተከፋፍሎ በጥቃቅን እሽጎች ይላካል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክረ ሐሳብ እንደሚያመለክተው፣ ድምፅ ከተናጋሪው ወደ አድማጩ የሚደርስበት ጊዜ ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል። እጅግ ዘግይቶ የደረሰ እሽግ ስለሚጣል ቃሉ ይጎድላል።

ብዙ ሰዎች አንድ መስመር በሚጋሩበት ቤት ችግሩ ይበረታል። አንዱ ረጅም ቪዲዮ ሲልክ ራውተሩ እሽጎቹን በሰልፍ ያቆማል፤ የእናት ድምፅም ከቪዲዮው ኋላ ተራውን ይጠብቃል። መፍትሔው በራውተሩ ማስተካከያ ውስጥ «ኪው ኦ ኤስ» የተባለው አማራጭ ካለ ለጥሪ ቅድሚያ መስጠት፣ የመላኪያውንም ፍጥነት ከመስመሩ አቅም ጥቂት ዝቅ አድርጎ መገደብ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ዋይፋይ ነው። የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ የጎረቤቶች ራውተሮች የሚሻሙበት፣ የማይክሮዌቭ ምድጃም የሚረብሸው ነው፤ እርስ በርስ የማይደራረቡት መስመሮቹም በተለምዶ 3 ብቻ፣ ማለትም 1፣ 6 እና 11 ናቸው። የ5 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ከዚህ ይሻላል፤ ነገር ግን ወፍራም ግድግዳ ስለሚያዳክመው ከራውተሩ ቀረብ ብሎ መደወል ይገባል።

መንሥኤውን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ኮምፒዩተርን በኬብል ከራውተሩ አገናኝቶ መደወል፤ ድምፁ ከጠራ ጥፋቱ የዋይፋዩ ነው። የቤቱ ሰዎች መስመሩን በማይጠቀሙበት ሰዓት ብቻ ከጠራ ደግሞ ጥፋቱ የሰልፉ ነው። በሁለቱም ካልተሻሻለ እንከኑ ከቤት ውጭ፣ ምናልባትም በወዲያኛው ጫፍ ነው። አገልግሎት ሰጪውን መጠየቅም ሆነ ውል መለወጥ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው።