የፋሲካ ሰሞን ጋላክሲዎች ከስቶክሆልም

በትንሽ ቴሌስኮፕ ጋላክሲ ለማየት የሚሻለው ጊዜ መቼ ነው ለምትሉኝ፣ ስቶክሆልም ለምንኖር ሐበሾች መልሴ ይኸው፦ ፋሲካ ቀደም ብሎ በሚውልበት ዓመት፣ ከፋሲካ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ያለው ሳምንት።

ይህን የምለው የጨረቃን ነገር አስቤ ነው። ባሕረ ሐሳብ ፋሲካን የሚያውለው ከጸደይ ሙሉ ጨረቃ በኋላ በሚመጣው እሑድ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ የሚሰሉበት የ19 ዓመት ዑደት ደግሞ ሰማይ ላይ ከምናያት ጨረቃ ጋር በየ300 ዓመቱ አንድ ቀን ያህል ይራራቃል። ዛሬ ልዩነቱ ከአራት እስከ አምስት ቀን ደርሷል። ስለዚህ ፋሲካ ሲደርስ ጨረቃ ከሞላች ቢያንስ አምስት ቀን ገደማ ሆኗታል፤ ጎድላለች፣ የምትወጣውም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ምሽቱ ለእኛ ጨለማ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ይውላል፤ ጨረቃ የሞላችው መጋቢት 24፣ አዲስ የምትሆነው ሚያዝያ 9 ነው። ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ አላውቅም።

"ቀደም ብሎ በሚውልበት ዓመት" ያልኩት በስቶክሆልም ኬክሮስ ምክንያት ነው። ከተማዋ 59 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስላለች ከሚያዝያ 16 ገደማ ጀምሮ ፀሐይ በእኩለ ሌሊት እንኳ ከአድማስ በታች 18 ዲግሪ አትወርድም። ሰማዩ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ሙሉ በሙሉ አይጨልምም። እንደ 2016 ፋሲካ ሚያዝያ 27 ሲውል ነገሩ አብቅቷል።

ጸደይ የጋላክሲ ወቅት የሆነው ፊታችን በዚያን ጊዜ ከራሳችን ጋላክሲ፣ ከፍኖተ ሐሊብ፣ ወደ ውጭ ስለሚዞር ነው። የፍኖተ ሐሊብ ከዋክብትና አቧራ ወደ አድማስ ይወርዳሉ፤ ከአናታችን በላይ ያለው ሰማይ ይጠራል፣ ከሩቅ የሚመጣውም ብርሃን መጋረጃ አያገኘውም።

ለጀማሪ የምመክረው አሰድን፣ ማለትም የአንበሳውን ህብረ ከዋክብት ነው። በፋሲካ ዋዜማ ሰሞን ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ45 ገደማ ሰማዩ ጨልሞ ሲያበቃ፣ አሰድም በዚያው ሰዓት በስተደቡብ ከፍ ብሎ ይቆማል። በስተግራ ያለው የኋላ አካሉ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ከማዕዘኖቹ ቸርታን የተባለውን ኮከብ ያዙ። ከእሱ ዝቅ ብሎ አዮታ የሚባል ደከም ያለ ኮከብ አለ። በሁለቱ መካከል፣ እኩሌታው ላይ፣ ሦስት ጋላክሲዎች ተሰብስበዋል፦ ኤም 65፣ ኤም 66 እና ኤንጂሲ 3628። ስፋታቸው ሁሉ ተደምሮ አንድ ዲግሪ ስለማይሞላ፣ ባለ 8 ኢንች ዶብሶኒያን ቴሌስኮፕ 40 ጊዜ ያህል በሚያጎላ ሌንስ ሦስቱንም አንድ ላይ ያሳያል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ ፎቶ ላይ ያየውን ሰማያዊና ሮዝ ቀለም ይፈልጋልና። በዓይን የሚታየው ግራጫ ጭጋግ ነው። በጨለማ የሚሠሩት የዓይናችን ሕዋሳት ቀለም አይለዩም። ነገር ግን እነዚሁ ሕዋሳት ከዓይናችን መሐል ወጣ ብለው ስለሚበዙ፣ ጋላክሲውን በቀጥታ ሳይሆን ከጎኑ ያለውን ባዶ ቦታ ስታዩ ጋላክሲው ይጎላል። ስልካችሁን ዝጉ፤ ዓይን ጨለማን ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ቀድማ የምትታየው ኤም 66 ናት፤ ቀጥላ ቀጠን ያለችው ኤም 65። ኤንጂሲ 3628 ግን ብርሃኗ በረጅም መስመር የተበተነ ስለሆነ ትዕግሥት ትጠይቃለች። ጎኗን ሰጥታን ስለቆመች በመሐሏ የሚያልፈው ጥቁር የአቧራ መስመር በጥሩ ጨለማ ሊታይ ይችላል።

ጨለማ ፍለጋ ወዴት እንሂድ? አሰድ በደቡብ ስለሆነ ከተማው ከጀርባችሁ ይሁን። ከስቶክሆልም ወደ ደቡብ፣ ከኒኔስሀምን አልፎ ያለው የቶሮ ዳርቻ ፊቱ ክፍት ባልቲክ ባሕር ነው፤ በዚያ አቅጣጫ የከተማ ብርሃን የለም። በረዶ ካልቀለጠ ግን ብርሃንን ወደ ሰማይ መልሶ ስለሚረጭ ከመጋቢት መጀመሪያ ይልቅ መጨረሻው ይሻላል።

የስቶክሆልም የከዋክብት ጠበብትም ጨለማ ፍለጋ ከከተማው ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1753 ኮረብታ ላይ የተከፈተው የከተማው የከዋክብት መመልከቻ ቀስ በቀስ በመብራት ተከበበና በ1931 ሥራው ወደ ሳልትሾባደን ተዛወረ። ያን ጊዜ ዳይሬክተሩ ቤርቲል ሊንድብላድ ነበር። ፍኖተ ሐሊብ እንደምትሽከረከር በ1920ዎቹ ካስረዱት አንዱ እሱ ነው፤ የጋላክሲ ጠመዝማዛ ክንዶች ለምን እንደማይበተኑ ለማወቅም ዕድሜውን ሰጠ። ክንዶቹ ከዋክብት ገብተው የሚወጡባቸው ማዕበሎች ናቸው የሚለው ሐሳብ በ1964 በተመራማሪዎቹ በሊንና በሹ ሲዳብር፣ መሠረቱ ላይ የሊንድብላድ ሥራ ነበር። ኤም 66ን ስታዩ ይህን አስቡ። የእሷ ክንዶች በጎረቤቶቿ ስበት ተዛብተዋል። ኤንጂሲ 3628ም ከእሷ ጋር ከመጎተቷ የተነሣ 300,000 የብርሃን ዓመት ያህል የሚረዝም የከዋክብት ጅራት አላት፤ ጅራቱ የሚታየው ረጅም ጊዜ ወስዶ በሚነሣ ፎቶ ብቻ ነው።

ርቀታቸው 35 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ዓይናችሁ የሚቀበለው ብርሃን ጉዞ ሲጀምር፣ የኢትዮጵያን ደጋ የሠራው ታላቁ የላቫ ፍሰት ገና አልመጣም ነበር፤ እሱ የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ ነው። እኔን ከቁጥሮቹ ሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

አገር ቤት ላላችሁ፦ ስቶክሆልም ላይ 44 ዲግሪ ገደማ ብቻ የሚወጡት እነዚህ ጋላክሲዎች አዲስ አበባ ላይ ከአናት በላይ ይቆማሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ሌሊቱ ይጨልማል። የበልግ ደመና ከፈቀደላችሁ ከእኛ በጣም የተሻላችሁ ናችሁ።

በ2019 ፋሲካ ሚያዝያ 24 ስለሚውል እዚህ ያለን አንድ ወር እንቅደም። አዲስ ጨረቃ መጋቢት 28 ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉት ቀናት ምሽታቸው ጨለማ ነውና ቴሌስኮፕ ያላችሁ ቀናቱን ከአሁኑ ያዙ።