ተጨማሪ መረጃ፦ ክትባቱ ሳይበቃ ሲቀር

በ1966 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ምሥራቅ ናይጄሪያ ውስጥ ፈንጣጣ ሲነሣ፣ አሜሪካዊው የወረርሽኝ ተመራማሪ ዶክተር ዊልያም ፌጊ በእጃቸው ያለው ክትባት ለሁሉም አይዳረስም ነበር። በወጣትነታቸው የደን እሳት ያጠፉ ስለነበር፣ እሳቱ ሊሄድ የሚችልበትን መንገድ ቀድሞ መዝጋት ያውቁበት ነበር። ሚስዮናውያንን በመገናኛ ሬዲዮ ከየመንደሩ ታማሚ እንዲያፈላልጉ ጠየቁ፤ በካርታ ላይ ምልክት አደረጉ፤ ከዚያም በታማሚዎቹ ዙሪያ ያሉትንና በሽታው ቀጥሎ ይደርስባቸዋል ያሏቸውን ሰዎች ብቻ አስከተቡ። ወረርሽኙ ቆመ። ሕዝቡ በሙሉ ካልተከተበ አይሆንም በሚባልበት ዘመን ይህ ደፋር ውሳኔ ነበር። ታማሚን ፈልጎ ዙሪያውን መክተብ በኋላ በሕንድም በኢትዮጵያም ዋና ስልት ሆነ፤ የኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ በ1976 (እ.ኤ.አ.) ኦጋዴን ውስጥ ተገኘ።